ባለ ሦስት እግሩ ስፒና

ቂርቆስ፣ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለልዑልቃል፣

እንዴት ነህ? ሥራ እንዴት ነው? እጄ ለምዶ ነው እንዲህ የጀመርኩት፤ ሌላ አጀማመር ደግሞ አላውቅም። ስለዚህ ደህና እንደሆንክ አድርጌ እጽፍልሃለሁ።

ስልክህ እኔ ጋ ነው። መክፈቻ ቁጥሩን ከእኔ ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ እማዬ ለእኔ ሰጠችኝ። አሁን የቪዲዮ ስቱዲዮህ ኢሜይል ውስጥ ገብቼ ነው የምጽፈው። አልልክልህም፤ እዚሁ ይቀመጣል። ድንኳኑ ከተነሳ ሰነበተ፣ ወንበሩንም የእድር ልጆች ቆጥረው ወስደዋል። ፍራሹ ግን እስካሁን ሳሎን እንደተነጠፈ ነው፣ እማዬም ከላዩ አልተነሳችም። አክስቴ እጸገነት ከእኛ ጋር ነው የምታድረው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቱ ሰው ተለይቶት አያውቅም፤ ማታም ጠዋትም አጠገቤ የሚተነፍስ ሰው አለ።

ሰው ሁሉ ያጠፋው ጃዋር ነው ይላል። አብራችሁ ስለምትሠሩ፣ የዚያን ቀንም መብራቱን የተከለው እሱ ስለሆነ። ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ቀን አቆይተው ለቀቁት። ጋሽ ገብረዋህድ፣ የእድሩ ዳኛ፣ «የዘንድሮ የሥራ ጓደኛ እንዲህ ነው» ሲሉ እማዬ አንገቷን ነቀነቀች። ጃዋር ምን ብሎ ይመልስ? እሱ የሚያውቀው ስታንዱን ማቆሙንና ስፒናውን መሰካቱን ነው። ከዚያ ዝናቡ መጣ፣ ሙሽሮቹ ወደ ድንኳኑ ሮጡ፣ አንተ ደግሞ መብራቱን ከእርጥቡ ሣር ላይ ላንሳ ብለህ ገላውን ያዝከው።

ስፒናውን ማን እንደቀየረው ግን አንተ ታውቃለህ። እኔም አውቃለሁ። ሦስተኛ ሰው የለም።

ለገና ዋዜማ ነበር። ታዲዎስ የላካቸው ሁለት መብራቶች የደረሱ ቀን። የእነሱ ስፒና ሦስት ጠፍጣፋ እግር ነበረው፣ የእኛ ሶኬት ሁለት ክብ ቀዳዳ። «ኢያቄም ቶሎ በል፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው» አልከኝ። በፒንሳ ቆረጥኩት። ውስጡ ሦስት ሽቦ ነበር። ሁለቱን ከሱቅ ባመጣኸው ስፒና ላይ አሰርኩ። አረንጓዴና ቢጫው የት እንደሚገባ አላወቅኩም፤ ወደ ኋላ አጥፌ በናስትሮ ጠቀለልኩት። መብራቱ በራ። «ይሄ ልጅ መሐንዲስ ነው በቃ!» ብለህ ለጃዋር ደወልክለት። ማን እንደቀየረው ግን አልነገርከውም፤ መብራቱ እንደበራ ብቻ ነው የነገርከው።

እኔ የምናደደው በታዲዎስ ነው። አገራችን የማይሰካ ነገር ለምን ላከ? እማዬ ከእኛ ሳትለይ ያሳደገችው የእህቷ ልጅ ነው፣ እዚህ ቤት ውስጥ አድጎ ነው የመርከብ ኤሌክትሪሺያን የሆነው፣ አሁን ደግሞ ሲጽፍልን ካፒቴን የሆነ ይመስለዋል።

እሱ አልተነገረውም። ጋሽ ገብረዋህድ «መርዶ በጽሑፍ አይነገርም። ባሕር መሃል ማን ይይዘዋል?» አሉ። ነሐሴ ላይ ኮንትራቱን ጨርሶ ሲመጣ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገረዋል። እስከዚያ ከጻፈ እኔ እንድመልስለት፣ አንተን «ሥራ በዝቶበት ነው» እንድል ታዘዝኩ።

ጽፏል። ለአንተ ነው። ከታች እንዳለ አስቀምጬልሃለሁ፤ አንብበውና ማን መቆጣት እንዳለበት ፍረድ።

ወንድምህ ኢያቄም


ሕንድ ውቅያኖስ፣ ከመርከብ ላይ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለልዑልቃል፣

የእናትህ የእማማ ጀማነሽ ጸሎት ከአንተም ከእኔም አይለይ። እኔ ከሞተሩ ጩኸትና ከሙቀቱ በቀር አንድም የጎደለብኝ የለም፣ እሱ ይመስገን።

ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። እዚህ ኢንተርኔት የሚከፈትልን በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ ያችን ቀን ተሰልፌ ገብቼ ባዶ ሳጥን አይቼ እወጣለሁ። ለስቱዲዮው አራት መብራት አምጣልኝ ያልከው አንተ ነህ። ሰኔ መጀመሪያ ላይ ሲንጋፖር እንገባለን፤ ከአንድ ቀን ተኩል በላይ አንቆምም። ምን ዓይነት እንደምትፈልግ ካልነገርከኝ መርጬ አልገዛም። መርጬ ስገዛ ምን እንዳልክ ሰምቻለሁና። «መርከብ ላይ እየሠራ የጉልት ዕቃ ላከልኝ» ብለህ በሰው ፊት ስቀህብኛል። የላክሁልህ የጉልት ዕቃ አልነበረም። አንተ ርካሽና ውድ እንጂ ጥሩና መጥፎ የምትለይ ሰው ስላልሆንክ ነው።

ክፍሉ ስፋቱ ስንት ነው? መብራቶቹን ይዘህ ሠርግ ቤት ትሄዳለህ ወይስ ካዛንቺስ ስቱዲዮው ውስጥ ተተክለው ይቀራሉ? ከየት ነው የምትሰካው? ይህን ለመመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ስትፈልገኝ «ታዲዬ» ነኝ፣ ሲሞላልህ ዝም። ዝምታህን ንቀት ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ታዲዎስ


ቂርቆስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ታዲዎስ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ደህና ነን። ልዑልቃል ሥራ ስለበዛበት እኔ እንድመልስልዎ ታዝዣለሁ። እማዬም ሰላም ብላዎታለች።

ስለ አዲሶቹ መብራቶች ከማውራታችን በፊት ስለ አሮጌዎቹ ይንገሩኝ። ለገና የላኳቸው ሁለቱ ገላቸው ብረት ነው። ሲገዟቸው ያውቁ ነበር? ስፒናቸው እዚህ አገር እንደማይሰካስ? እርስዎ እኛ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ኖረዋል። የሶኬታችን ቀዳዳ ስንት እንደሆነ ረስተው ነው ወይስ መርከበኛ ሲሆኑ እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አይታይዎትም? አዎ ወይም አይደለም ብለው ይመልሱልኝ፤ ማብራሪያ አልፈልግም።

የላኩትን ዕቃ ሰው እንደሚጠቀምበት ቢያስቡ ኖሮ አይልኩትም ነበር።

ስቱዲዮው አራት በአምስት ነው። መብራቶቹ ሠርግም ምርቃትም ይሄዳሉ። የሚሰኩት በተገኘበት ነው፤ በሰው ግቢ፣ በኪራይ ኤክስቴንሽን። አዲሶቹን የምመርጠው እኔ ነኝ።

ኢያቄም


ከመርከብ ላይ፣ ግንቦት 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

እግዚአብሔር ዕድሜና ልብ ይስጥህ። ዕድሜውን ሰጥቶሃል መሰለኝ፣ ልቡን ይጨምርልህ።

ከመቼ ወዲህ ነው እርስዎ የሆንኩት? ንፍጥህን ስጠርግልህ አንተ ነበርኩ። ደግሞ «አዎ ወይም አይደለም» ትለኛለህ፣ ችሎት አቆምከኝ እንዴ? ዐሥራ ስድስት ዓመትህ መሆኑን ማን ያስታውስህ?

አዎ፣ ብረት መሆኑን አውቄ ነው የገዛሁት። ብረት ሙቀቱን ያስወጣል፣ ሲወድቅ አይሰነጠቅም፤ ያንተ ወንድም ደግሞ ያልጣለው ዕቃ የለም። ነገር ግን ገላው ብረት የሆነ መብራት ሁሉ ሦስተኛ ሽቦ አለው፤ ኧርዝ የምንለው፣ አረንጓዴና ቢጫው። ውስጡ አንድ ሽቦ ቢላጥና ብረቱን ቢነካ፣ ኃይሉ በሰው ውስጥ ሳይሆን በዚያ ሽቦ በኩል ወደ መሬት እንዲሄድ ነው። ስፒናው እንደማይሰካ አውቅ ነበር። ለዚህ ብዬ በካርቶኑ ክዳን ላይ በወፍራም ማርከር ጻፍኩ፤ «ስፒናውን ባለሙያ ይቀይረው፣ ሦስተኛው ሽቦ አይቆረጥ»። አላያችሁትም? ስፒናውን ማን ቀየረው? መብራቱ ሰው ነዝሮ ከሆነ ንገረኝ፣ እዚህ ላይ አልቀልድም።

ስለ አዲሶቹ ደግሞ ትሰማለህ፣ መራጩ አንተ ከሆንክ። ካርቶን ላይ የተጻፈውን ዋት አትመን፤ ካርቶን የሚያትመው ነጋዴ ነው። እናንተ እየዞራችሁ በየሰዉ ግቢ የምትሰኩ ከሆነ አዳፕተሩ ከመብራቱ ውጪ፣ ለብቻው የሆነውን ፈልግ። ከግድግዳ የሚመጣው ኃይል አዳፕተሩ ላይ ይቀራል፤ በገመዱ ወደ መብራቱ የሚሄደው ሃያ አራት ቮልት ብቻ ነው። አዳፕተሩ ራሱ ጥሩ መሆን አለበት፤ ቀላልና ሲነቀንቁት የሚንኳኳ ከሆነ ተወው፣ ዝናብም አይንካው። ሲቃጠል ሌላ አዳፕተር ሜክሲኮ ሰፈር ካሉት ሱቆች ታገኛለህ፣ መብራቱን አትጥልም። ዕድሜ ማለት ይህ ነው፤ የሚበላሸው ክፍል በቀላሉ የሚተካ ዕቃ።

ስታንዱን የሚይዘው ማጠንጠኛ ፕላስቲክ ከሆነ እርሳው፣ በሦስተኛው ሠርግ ይዞራል። መብራቱን ሲያበሩልህ ነጭ ግድግዳ ላይ አትይ፤ ነጭ ግድግዳ ላይ ሁሉም ያምራል። የራስህ እጅ ላይ አብራው። ጠይም እጅህ አመድ ከመሰለ ሙሽራዋም አመድ ትመስላለች። ከዚያ በስልክህ ካሜራ እየው፤ መስመር መስመር እየሆነ ከተንቀጠቀጠ አስቀምጠህ ውጣ።

ልዑልቃል ግን የት ነው? አንተን ፊት አድርጎ የተደበቀበት ምክንያት ምንድን ነው? ንገረው፦ ሲንጋፖር የምንገባው ሰኔ 4 ነው።

ታዲዎስ


ቂርቆስ፣ ሰኔ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ታዲዎስ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ካርቶኑ ላይ ምንም አልተጻፈም ነበር።

ትናንት ሜክሲኮ ሄድኩ፣ ከጃዋር ጋር። የልዑልቃል የሥራ ጓደኛ ነው፣ አያውቁትም። ቤት ውስጥ ማንም እንዳያይ ባምቢስ ሱፐርማርኬት ተገናኝተን ነው የሄድነው፤ ለምን እንደሆነ አይጠይቁኝ። ጃዋር ከሳምንት በኋላ የሚነሳ ምርቃት አለው፣ መብራት ሳይኖረው ነው የተዋዋለው።

ሱቁ የሜቲ ነው። ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ሥር። ከመቀመጫዋ ሳትነሳ በዱላ እየጠቆመች ነው የምትሸጠው። ጃዋር ዐይኑን በትልቁ መብራት ላይ ጣለ።

«እሱ?» አለች። «እሱ ከሠርጉ ተነስቶ እስከ መልሱ አይደርስልህም።»

«አምስት መቶ ዋት ይላል እኮ!»

«ይላል። እኔም ሃያ ዓመቴ ነው እላለሁ፣ አንተ አመንከኝ?»

ጃዋር ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ አየሁት። ከዚያ እኔን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

እርስዎ ያሉትን ሁሉ አደረግሁ፣ ስላሉት ሳይሆን ሜቲም እሱኑ ስላለች። አራት መብራት አበራችልኝ፣ እጄን ዘረጋሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት መብራቶች እጄ የሌላ ሰው እጅ መሰለኝ፤ አመድማ። ሦስተኛው ስልኬ ላይ ተንቀጠቀጠ። አራተኛው ልከኛ ነበር፤ ገላው ወፍራም ፕላስቲክ፣ ከኋላው ትንሽ ማራገቢያ ያለው፣ አዳፕተሩ ለብቻው፣ ማጠንጠኛው ብረት። «ይሄን ባለፈው ዓመት የወሰደ ሰው ዘንድሮ ሁለተኛውን ወስዷል፤ ለቅሬታ የተመለሰ የለም» አለች ሜቲ። ጃዋር ማራገቢያው ይጮሃል፣ ድምፅ ይገባል አለ። «ሠርግ ላይ? ኦርጋኑ እያለ ማራገቢያህን ማን ይሰማዋል?» አለችው።

ስለዚህ አራት አንፈልግም። ሁለት ይበቃል፣ እዚህም ይገኛል። እርስዎን አናስቸግርም።

ስንወጣ ጃዋር «ያ ሁለተኛው ብረቱ እኮ ስቱዲዮ አለ፣ ለምርቃቱ እሱን ላብራ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። «ለምን? ምን ሆነ? ይሠራል አይደል?» አለኝ። ፊቴን ወደ ታክሲው ሰልፍ አዞርኩ። እጄን ይዞ «ኢያቄም፣ የምታውቀው ነገር አለ?» አለኝ። ታክሲ መጣልኝና ገባሁ።

ይህንን ሁሉ ያመጣው የእርስዎ ካርቶን ነው።

ኢያቄም


ከመርከብ ላይ፣ ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢያቄም፣

ሰላም ላንተ ባይገባህም።

ስፒናውን ማን ቀየረው ብዬ ጠየቅኩህ፣ ስለ ሜቲ ቀልድ ነገርከኝ። ልዑልቃል የት ነው አልኩህ፣ ስለ ማራገቢያ ጻፍክልኝ። ዛሬ ካፒቴኑን ለምኜ ያለ ተራዬ ነው የገባሁት። ነገ ወደብ እንገባለን። ልዑልቃል በራሱ እጅ ሁለት መስመር ካልጻፈልኝ ምንም አልገዛም፣ ከእንግዲህም አንድ ብሎን አልልክም። «ታዲዎስ፣ ጠግቤሃለሁ» ቢለኝም ይበቃኛል። ከእሱ መስማት ነው የምፈልገው፣ ከአንተ ከውርጋጡ አይደለም።

ታዲዎስ


ቂርቆስ፣ ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ታዲዎስ፣

ሁለት መስመር አይጽፍልህም።

ሚያዝያ 26፣ እሑድ፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የላክኸውን መብራት እንደያዘ ሞተ። ቂርቆስ ነው የተቀበረው። ዛሬ አርባው ነበር። መርዶ እንዲህ እንደማይነገር ተነግሮኛል፤ አጠገብህ ሰው መኖር እንዳለበትም አውቃለሁ። እሱ ሲሞት አጠገቤ ማን ነበር?

«የጉልት ዕቃ» ያለህ ልክ ነበር። መብራትህ ነው የገደለው።

ዛሬ የሆነውን ደግሞ ስማ። ጃዋር መጣ። ሁለት እሽግ ውሃ በትከሻው ተሸክሞ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ። ጋሽ ገብረዋህድ በሩ ላይ ነበሩ፣ እኔ ከጎናቸው እጅ አስታጥብ ነበር።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» አሉት።

«ጋሼ፣ እናቱን ብቻ ልይና እሄዳለሁ።»

«እናቱ አንተን ማየት አትፈልግም። ገድለህ ደግሞ ልታስተዛዝን?»

«ጋሼ፣ በአላህ፣ እኔ ምን አደረግሁ?»

«እሱን ለፖሊስ ንገር። ሂድ አሁን፣ ሰው አትረብሽ!»

ጃዋር ወደ እኔ አየ። እሳቸውን ሳይሆን እኔን። እኔ ማንቆርቆሪያውን አየሁ። ውሃውን ደፉ ላይ አስቀምጦ ሄደ። የእድር ልጆች እሽጉን ቀድደው ለእንግዳ አደሉት። ለእኔም አንድ ደረሰኝ። ጠጣሁት።

አሁን አወቅህ። ደስ ይበልህ።

ኢያቄም


ከመርከብ ላይ፣ ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኢያቄም፣

ደብዳቤህን ያነበብኩት ኢንተርኔቱ ክፍል ውስጥ ነው፣ ከኋላዬ አራት ሰው ተሰልፎ። ተራዬ አለቀ ብለው ትከሻዬን ሲነኩኝ መነሳት አቃተኝ። አንድ የፊሊፒን ሰው፣ የመርከቡ ምግብ አብሳይ፣ ደግፎ ወደ ክፍሌ ወሰደኝ። ምን ላድርግልህ አለኝ። አገሬ ውስጥ ሰው መጥቶ ዝም ብሎ አጠገብህ ይቀመጣል አልኩት። ሄዶ ወንበር አመጣና ተቀመጠ። ምሳ የሚሠራበት ሰዓት አልፎ ሰዎች እስኪጮሁበት ድረስ ተቀመጠ። የነገርከኝ እንደ ውሻ ነው፤ ይህን ሳልረሳልህ እሞታለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልንገርህ።

ስፒናውን የቀየርከው አንተ ነህ። ልዑልቃል ካቻቢቴ በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። ጃዋር አድርጎት ቢሆን በመጀመሪያው ደብዳቤህ ስሙን ትሰጠኝ ነበር። ስለ ሁሉም ጻፍክልኝ፤ እሷን ጥያቄ ብቻ በዘለልክ ቁጥር አወቅኩ።

ኤሌክትሪሺያን ነኝና እውነቱን ልጻፍልህ። የተከራያችሁት ኤክስቴንሽን ሁለት ሽቦ ብቻ ከነበረው፣ ያን ሽቦ ባትቆርጠውም መሄጃ አልነበረውም። ይህን የምልህ ላጽናናህ አይደለም። የናንተ ቤት ኧርዝ እንደሌለው አውቅ ነበር፤ ኮሌጅ እያለሁ ራሴ ለክቼዋለሁ። የሰፈሩ ቤት አብዛኛው እንደዚያ መሆኑንም አውቃለሁ። ይህን እያወቅኩ ብረት ገላ ላክሁ፣ ምክንያቱም ጅብል ዓሊ ወደብ ላይ ቅናሽ ነበር፣ ለልዑልቃልም ማን እንደሆንኩ በዕቃ ላሳየው ፈልጌ ነበር። ማርከር አንስቼ ክዳን ላይ ጽፌ ከደሙ ንጹሕ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የእኔን ድርሻ እኔ እሸከመዋለሁ። ያንተን ግን አልሸከምልህም።

ልጅ ነህ። ልጅ ሽቦ ይቆርጣል። ሌላ ሰው በእሱ ፋንታ ሲባረር ቆሞ አይቶ፣ የተባረረው ሰው ያመጣውን ውሃ የሚጠጣ ግን ልጅ አይባልም፤ ሌላ ስም አለው፣ ለእማማ ስል አልጽፈውም።

ያን ሁለተኛውን መብራት ጃዋር አንድ ቀን ያበራዋል፤ ለምን አይሆንም እንዳልከው አያውቅምና። ስለ ሲንጋፖር አትጠይቀኝ፤ ሁለቱ መስመር ስላልመጣልኝ ከመርከቡም አልወረድኩም።

ለእማማ አልነግርም። ለጋሽ ገብረዋህድም አልነግርም። አንተን እጠብቃለሁ።

ታዲዎስ


ቂርቆስ፣ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለታዲዎስ፣

እንዴት ነህ አልልህም። አንተም አትበለኝ።

ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ነበር። አይቼዋለሁ። ያንተ ጽሑፍ ስለሆነ ሳልጨርሰው ዘለልኩት፤ ሁልጊዜ ትመክራለህ፣ ሁልጊዜ እንዘልሃለን። የጻፍከውን ሌላ ሁሉ አልቀበልም። ስለ ውሃው ያልከውን ግን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

እሑድ እለት እማዬና አክስቴ እጸገነት ጸበል ሄዱ፣ ሁለት ሳምንት ይቆያሉ። ፍራሹን ከሳሎን እጸገነት ናት ያነሳችው። ሰኞ ጠዋት ስነሳ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም። እስከዛሬ እንደዚያ ያለ ጠዋት አላየሁም። ከመኝታ ቤት እስከ ኩሽና ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ሬዲዮ ከፍቼ ዘጋሁ። ሰዓቱ ለአንድ ሩብ ጉዳይ ነበር። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፤ ሁለት ሰዓት ላይ የሒሳብ ማጠቃለያ ፈተና ነበረብኝ። ቁልፉን በኪሴ አድርጌ ግን ወደ ትምህርት ቤት ሳይሆን ወደ ካዛንቺስ ሄድኩ።

ጃዋር ስቱዲዮው በር ላይ ዕቃ እየጫነ ነበር፣ ሌላ ምርቃት። የሜቲን ሁለት መብራት ገዝቷል። ያ ብረቱም ከነስታንዱ ታክሲው ወለል ላይ ተጋድሟል።

«እሱን አውርደው» አልኩት።

«ደግሞ ጀመረህ?»

«ስፒናውን የቀየርኩት እኔ ነኝ። የሁለቱንም። ሦስተኛውን ሽቦ ቆርጬ የተውኩት እኔ ነኝ፣ ለገና።»

በእጁ የያዘውን ገመድ መጠቅለል ቀጠለ። ጠቅልሎ ጨረሰ። ሹፌሩ «እንሂድ እንጂ» አለ፣ ጃዋር በእጁ ቆይ አለው።

«ለማን ነግረሃል?»

«ለታዲዎስ። ማለቴ፣ እሱ ራሱ ደረሰበት።»

«ለእናትህስ?»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ትሠራለህ?» አለኝ፣ ድምፁን ሳይጨምር። «እኔን ያሳሰረኝ አንተ ነህ እንዴ? በር ላይ የመለሰኝ አንተ ነህ? ሁለት ቀን ጣቢያ ስተኛ፣ እናቴ ከሰው ዐይን ስትሸሽ፣ አንተ ደብተርህን ይዘህ ትምህርት ቤት ትሄድ ነበር። ለእኔ ነግረህ ልትገላገል ነው? ለእናትህ ደውል!»

«አሁን?»

«አሁን። እዚሁ። ድምፁን ክፈተው።»

ደወልኩ። ብዙ ጠራ። እማዬ ስታነሳው ከኋላዋ የሰው ጩኸትና የሚወርድ ውሃ ይሰማ ነበር።

«ኢያቄሜ፣ ቁርስ በላህ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ፒንሳው፣ ስለ ናስትሮው፣ ጃዋር ምንም እንደማያውቅ። በአንድ ትንፋሽ ነው የነገርኳት፣ ካቆምኩ አልቀጥልም ብዬ። ስጨርስ ውሃው ብቻ ይሰማ ነበር።

«ጃዋር አጠገብህ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«ስጠው።»

በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ድምፁን ዘግቶ ወደ አጥሩ ሄደ፣ ጀርባውን ሰጠኝ። «አቤት እማማ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ «እሺ»። ከዚያ እንደገና «እሺ»፣ እንደገና «እሺ»። እጅጌውን ወደ ፊቱ አነሳ። ተመልሶ ስልኩን ሲሰጠኝ ተዘግቷል።

«ምን አለችህ?»

«አንተን አይመለከትህም።»

ብረቱን መብራት ከታክሲው አውርዶ ገመዱን ከሥሩ በፒንሳ ቆረጠው። የተቆረጠውን ገመድ ለእኔ ሰጠኝ፣ መብራቱን ግድግዳው ሥር አስቀመጠው። ሊመታኝ ነው ብዬ ቆሜ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። አልመታኝም።

«ፈተና አለብህ አይደል?» አለኝ። «ከፊቴ ሂድ።»

ታክሲ ሰልፉ ረጅም ስለነበር በእግሬ ሮጥኩ። ስደርስ ፈተናው ከተጀመረ ሃያ አምስት ደቂቃ ሆኖታል። በሩ ላይ ያሉት መምህር ሰዓታቸውን አይተው ለምን እንዳረፈድኩ ጠየቁኝ። እጄ ላይ ያለውን ገመድ አዩ፣ እሱን ውጪ አስቀምጥ አሉኝ። አስቀመጥኩ። አስገቡኝ።

ኢያቄም